መፋቂያ የማይደርስበት፦ አፍን ከአባላዘር በሽታ የመጠበቅ አሠራር

የጅቡቲው መንገድ ከሐዋሳው በሚለያይባት ሞጆ፣ ደረቅ ወደቡ ደጃፍ ጭነት የሚጠብቅ ሾፌር መፋቂያውን ሲያመላልስ ማየት የተለመደ ነው። ስለ ኮንዶምም በዚህ መስመር ያልሰማ ጥቂት ነው። ሁለቱ ግን ተገናኝተው አያውቁም፤ አፍ የጥርስ ሐኪም ጉዳይ፣ የአባላዘር በሽታ ደግሞ ከወገብ በታች ያለ ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል። ቂጥኝ፣ ጨብጥና ኸርፐስ ይህን ድንበር አያውቁትም፤ በአፍ በሚደረግ ወሲብ ከብልት ወደ አፍ፣ ከአፍም ወደ ብልት ይተላለፋሉ። «በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚል ይኖራል። የማይወራ ነገር ግን የለም ማለት አይደለም፤ ለማያደርገውም ቢሆን ከታች ያለው ፍተሻ አይከፋም።

በመጀመሪያ በቀን ብርሃን መስተዋት ይያዙና ከንፈርዎን፣ ድድዎን፣ የምላስዎን ሥርና ላንቃዎን ይመልከቱ። የሚያስፈራው የሚያመው ቁስል ብቻ እንዳይመስልዎ። ቂጥኝ አፍ ላይ የሚያወጣው የመጀመሪያ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ያለ መድኃኒት ይጠፋል። ሰው ዳንኩ ሲል በሽታው ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያለፈው የአፍ ቁስል ምክንያቱ ምንም ይሁን መታየት አለበት። የስምጥ ሸለቆ ሰው የሚያውቀው የበለዘ ጥርስ ግን ሌላ ነው፤ በልጅነት ከተጠጣ ፍሎራይድ ከበዛበት ውኃ የመጣ እንጂ ተላላፊ አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ብልዙን ለማስለቀቅ በአመድና በከሰል ሲፈተግ፣ ድድ ሲላጥ ነው።

ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች ላይም ትንሽ እንቆይ። ፀሐይ መታኝ ብሎ ዳማከሴ የሚቀባ ሰው ግማሽ እውነት ይዟል፤ ፀሐይ ትቀሰቅሰዋለች፣ ሥሩ ግን የኸርፐስ ቫይረስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2016 ባወጣው ግምት ከ50 ዓመት በታች ካሉ ሰዎች 3.7 ቢሊዮን ያህሉ ይህን ዓይነቱን ቫይረስ ተሸክመዋል፤ አብዛኞቹ የተያዙት በልጅነታቸው ነው። ስለዚህ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበትን ሰው ማማት ተገቢ አይደለም። ሆኖም ቫይረሱ ወደ ወሲብ ጓደኛ ብልት ሊሻገር ስለሚችል፣ ቅርፊቱ ረግፎ ቆዳው እስኪድን መሳሳምም በአፍ የሚደረግ ወሲብም ይቅር።

ቀጥሎ ጽዳቱ ነው። በለስላሳ ብሩሽ ወይም ጫፉ በደንብ በላላ መፋቂያ በቀን ሁለቴ ያጽዱ፤ የሌላ ሰው ብሩሽም መፋቂያም አይዋሱ። ድድዎ ቢደማ ማጽዳቱን አያቁሙ፤ መድማቱ ብዙ ጊዜ የድድ ሕመም ምልክት ነውና ቀስ እያሉ ይቀጥሉ፣ ሐኪምም ይየው። ትልቁ ስሕተት ሰዓቱ ላይ ነው፦ ንጹሕ ልሁን ብሎ ከወሲብ በፊት ወይም ወዲያው በኋላ መፋቅ ድድን ሊያቆስል፣ ለበሽታም በር ሊከፍት ይችላል። አፍዎን በውኃ መጉመጥመጥ ይበቃል። አረቄ መጉመጥመጥ መከላከያ አይደለም። ፀረ ጀርም ማጉመጥመጫም ቢሆን አልተሳካለትም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ለ12 ሳምንት በየቀኑ መጠቀሙ የጉሮሮ ጨብጥን እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

የሚከላከለው ኮንዶም ነው፤ ለወንድ ብልት እንዳለ ይሠራል። ለሴት ብልት ደግሞ አዲስ ኮንዶም ጫፉንና የቀለበቱን ጠርዝ ቆርጠው ጎኑን በቁመት ቢሰነጥቁት ስስ መሸፈኛ ይወጣዋል። ቫዝሊን፣ ቅቤና ዘይት ላስቲኩን ስለሚያበላሹት አያስነኩት።

«ኤች አይ ቪ በምራቅ አይተላለፍም እየተባለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። በእርግጥ ምራቅ አያስተላልፈውም፤ በአፍ በሚደረግ ወሲብ የመያዝ ዕድሉም ዝቅተኛ ነው። ቁስልና ደም ሲኖር ግን ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ሌሎቹ በሽታዎች ደግሞ ደም አይጠብቁም። ለኤች አይ ቪ ተጋልጬ ይሆናል ብለው ከሠጉ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል።

ጤና ጣቢያ ሲሄዱ አፍዎን በስሙ ይጥሩት። በአገራችን የአባላዘር በሽታ በአብዛኛው የሚታከመው በምልክት ነው፦ የብልት ፈሳሽ፣ የብልት ቁስል፣ የንፍፊት እብጠት። የጉሮሮ ጨብጥ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ እርስዎ ካልተናገሩ የሚጠይቅዎ ላይኖር ይችላል። «በአፍም ግንኙነት አድርጌያለሁ፣ ጉሮሮዬም ይታይልኝ፣ የቂጥኝ የደም ምርመራም እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። ጉሮሮ ውስጥ ያለ ጨብጥ ከብልቱ ይልቅ ለመዳን ያስቸግራል፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ ለ7 ቀን ከወሲብ ይታቀቡ፣ የወሲብ ጓደኛዎም አብሮ ይታከም፣ ምርመራው ባለበት ቦታ ደግሞ በሁለት ሳምንት ገደማ ተመልሰው መጥፋቱን ያረጋግጡ።