«ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ሲባል ምን ተሰማ?
(የአእምሮ ሕመም እንዴት ተመርምሮ ይታወቃል)

በጁባ ወደብ ከጭነት ጀልባ ማሽላ ሲያወርድ የሚውል አንድ ወገናችንን ወደ ክሊኒክ ይዘን ሄድን። አስተርጓሚዎቹ እኛው መምህራኑ ነበርን። ሰውየው «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አለ፤ እኛም «ሆዱን ያመዋል» ብለን ተረጎምነው። የጨጓራ ኪኒን ተሰጥቶት ወጣ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሥራውን ትቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ አገኘነው። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ይህን ትምህርት ለማዘጋጀት የተነሳነውም ስለዚሁ ነው።

ወባ በደም ምርመራ ይታወቃል። ለድብርት ሕመም ግን እንዲህ ያለ የደም ምርመራ የለም፤ የመርማሪው መሣሪያ ጥያቄ፣ ጆሮና ዓይን ነው። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ እንቅልፉን፣ ሥራውን፣ የሚጠጣውንና የሚቅመውን ይጠይቃል፤ አነጋገሩን ያስተውላል፤ ሕመምተኛው ከፈቀደም ቤተሰቡን ያነጋግራል። የአካል ሕመምም አብሮ ይጣራል። የጭንቅላት ወባ ያቃዣልና፤ የደም ማነስም ጉልበት ያሳጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ ያለፉትን 30 ቀናት የሚመለከትና «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚመለስ 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። በአገራችንም ተሠርቶበታል። ይሁን እንጂ ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ፍራንክ ኮርትማን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ መጠይቁ በኢትዮጵያ ጉድለት እንዳለበት አመልክተዋል፤ ተጠያቂው ጥያቄውን ጠያቂው ባሰበው መንገድ ላይረዳው ይችላል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል?» ተብሎ ራሽኑ ያለቀበት ሰው ቢጠየቅ ምን ይመልስ? ጾመኛውስ?

ሌላው 9 ጥያቄ ያለው ሲሆን ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይመለከታል። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። አማርኛው በአዲስ አበባ ተፈትሾ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ነጥቡ ግን ወንፊት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ድብርት ነው ለማለት ከዘጠኙ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ ለሁለት ሳምንት አብዛኛውን ቀን መታየት አለባቸው፤ ከነዚህም አንዱ የከፋ ሐዘን ወይም ደስ ይል የነበረውን ነገር መጥላት መሆን አለበት። ሥራንና ኑሮን ማሰናከሉም ይታያል። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ሁሉ በሽተኛ አይባልም።

ወደ ወገናችን እንመለስ። በሁለተኛው ጊዜ ቃሉን እንዳለ ተናግረን ትርጉሙን አስረዳን፤ ባር ባር ማለት ብቸኝነትና መከፋት ነው እንጂ የጨጓራ ነገር አይደለም አልን። ጤና ባለሙያዋ «ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብላ ጠየቀች። እኛ አፍረን ዝም አልን። እንዲህ ያለውን ነገር በሰው አፍ ማስገባት ነውር መስሎን ነበር። እሷ ግን መጠየቁ ሐሳቡን እንደማያመጣ ነግራን ጥያቄውን ደገመችው፤ ተረጎምን። ሰውየው ቆይቶ «ወንዙን ሳየው ነው የምውለው» አለ። ያን ሌሊት ብቻውን አላደረም። ሕክምናውን ጀመረ፤ በየሳምንቱም ይመላለስ ነበር።

መልመጃ፦ «ልቤ ተሰበረ»፣ «ጭንቅላቴን ይበላኛል»፣ «ሆድ ባሰኝ» የሚሉትን አነጋገሮች በየቡድናችሁ ተወያዩባቸው። የአካል ሕመም የሚሆነው የትኛው ነው? ለሐኪም ስትተረጉሙስ ምን ትጨምራላችሁ?