ከሸክሟ በታች ስለ ወደቀች አህያ
የጥናት ክፍል፦ ዘጸ. 23፥5፤ ዘዳ. 25፥4

በሙሴ ሕግ የባላጋራችን አህያ ጭነቱ ከብዷት ብትወድቅ ትተናት እንዳንሄድ ታዘናል። ልብ እንበል፤ ይህ ትእዛዝ የተሰጠው ለባለቤቷ ሳይሆን በመንገድ ለሚያልፈው ሰው ነው። ከጌታዋ ጋር ያለን ጠብ እንስሳዪቱን ለመተው ምክንያት አይሆነንም። በውድማ ላይ ነዶ የሚረግጠው በሬ እንዳይለጎም የሚከለክለው ቃል ግን ለባለቤቱ ተነገረ። እንግዲህ አንዱ ሕግ የጨካኙን እጅ ይይዛል፤ ሁለተኛው ተመልካቹን ይጠራል።

ተመልካች ሲጠፋ ሕግ በወረቀት ላይ እንደሚቀር የእንግሊዝ አገር ታሪክ ያስረዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1822 ዓ.ም. ሪቻርድ ማርቲን የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ፥ ፈረስን፥ አህያን፥ በሬን ወይም በግን በጭካኔ የሚደበድብ ሰው እንዲቀጣ የሚያዝ ሕግ በምክር ቤት አስወሰነ። መቀጫው ከ10 ሺልንግ እስከ 5 ፓውንድ ሲሆን፥ ያልከፈለ እስከ 3 ወር ይታሰር ነበር። ነገር ግን ሕጉ ሲወጣ ከሳሽ አብሮ አልወጣም፤ አህያም በዳኛ ፊት ቆማ አቤት አትልም። (የበለዓም አህያ ተናግራለች፤ እርስዋም እግዚአብሔር አፍዋን ስለ ከፈተላት ነው።) ስለዚህ ማርቲን ራሱ በገበያና በጎዳና እየዞረ ጥፋተኞችን ለዳኛ ያቀርብ ጀመር።

በ1824 ዓ.ም. አርተር ብሩም የተባለ ቄስ ከማርቲንና ከዊልያም ዊልበርፎርስ ጋር ሆኖ ማኅበር አቆመ። በለንደን ወደሚገኘው ወደ ስሚዝፊልድ የከብት ገበያም ተቆጣጣሪዎች ተላኩ። ሥራው ገንዘብ የሚጠይቅ ነበርና በ1826 ዓ.ም. ብሩም በማኅበሩ ዕዳ ምክንያት እስር ቤት ገባ።

አንድ ነገር ግን ሳንነቅፍ አናልፍም። ዳኛ ፊት የሚቆሙት ብዙውን ጊዜ ድኾች የከብት ነጂዎች ነበሩ፤ ባለጸጎች በውሾቻቸው ቀበሮና አጋዘን ሲያሳድዱ ሕጉ አልነካቸውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

በሉተራውያን ዘንድም በዚያው በ1822 ዓ.ም. በጀርመን አገር የቩርተምበርግ ሰው ቄስ ክርስቲያን አዳም ዳን፥ አንድ ሽመላ ተተኩሶ በመገደሉ አዝኖ ስለ እንስሳት የሚማልድ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። እርሱ በ1837 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ፥ የመዝሙር ደራሲው ቄስ አልበርት ክናፕ በዚያው ዓመት በሽቱትጋርት ለእንስሳት የሚከራከር ማኅበር መሠረተ። በ1839 ዓ.ም. የአገሩ ሕግ እንስሳን ማሠቃየትን በቅጣት ከለከለ።

ለጥናት፦ በገበያ ቀን ጀርባዋ በገጣባ የቈሰለች አህያ ተጭና ብናይ፥ ባለቤቷም የጉባኤያችን አባል ቢሆን፥ አስቀድመን ወደ ማን እንሄዳለን? ማቴ. 18፥15–17 አንብባችሁ ተነጋገሩ።