በዕድሜ ማምሻ የሚገኝ የአገልግሎት ደስታ



በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ በአብዛኛው 60 ዓመት ሲሞላው በጡረታ ይሰናበታል። ደመወዙ በጡረታ አበል ይተካለታል፤ «ከእንግዲህ የሚጠብቀኝ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ግን ምትክ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም። ብዙ አረጋውያንን ከጉልበታቸው መድከም ይልቅ የሚያሳዝናቸው ይኸው ጥያቄ ነው።

ለዚህ ኀዘን እኛም ድርሻ አለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ወደ ቁምስናችን መጥተው ሥራ እንድንሰጣቸው ጠየቁን። እኛም ያከበርናቸው መስሎን «እርስዎ ብዙ ደክመዋል፤ አሁንስ ይረፉ» ብለን ሸኘናቸው። ቃሉ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በሩን ዘጋንባቸው። ከወራት በኋላ አንዲት እናት «ልጄ ማንበብ አቃታት» ብላ ስትመጣ እሳቸውን አስታወስን፤ ቤታቸው ድረስ ሄደንም ለመንናቸው። ዛሬ በየቅዳሜው ብዙ ልጆች ከበዋቸው ይቀመጣሉ። «ዓርብ ማታ ልብሴን አዘጋጅቼ አድራለሁ» ሲሉን ስሕተታችንን ተረዳን።

ቅዱስ መጽሐፍም ይህንኑ ያስተምረናል። ኑኃሚን ባልዋንና ሁለት ልጆችዋን በሞት ተነጥቃ ወደ ቤተ ልሔም ስትመለስ ራስዋን መራራ ብላ ጠራች። በታሪክዋ ፍጻሜ ግን ሩት የወለደችውን ሕፃን ታቅፋ፥ ሞግዚት ሆና እናገኛታለን (ሩት 4፥16)። የሞቱባት አልተመለሱላትም፤ ነገር ግን እጆችዋ እንደገና የሚያቅፉት አገኙ። ነቢይት ሐናም በ84 ዓመትዋ በቤተ መቅደስ ታገለግል ነበር፤ ስለ ሕፃኑ ኢየሱስም ለሚጠባበቁት ሁሉ ትናገር ነበር (ሉቃ 2፥36-38)።

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1999 ለአረጋውያን መልእክት ሲጽፉ ራሳቸው የ79 ዓመት አረጋዊ ነበሩ። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የአያቶችና የአረጋውያን ዓለም አቀፍ ቀን በየዓመቱ እንዲከበር ወሰኑ። ይህ ቀን ከቅዱሳን ኢያቄምና ሐና በዓል አቅራቢያ፥ በሐምሌ ወር አጋማሽ ግድም ይውላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? «አረጋውያን ሆይ፥ አገልግሉ» ብሎ በደፈናው ማወጅ አይበቃም። እያንዳንዳቸውን በስማቸው ጠርተን የታወቀ ሥራና የታወቀ ቀን እንስጣቸው። የሒሳብ ሠራተኛ የነበሩት የዕድሩን መዝገብ ይመልከቱ፤ ነርስ የነበሩት ሕመምተኞችን ከሚጠይቁ ወጣቶች ጋር ይሂዱ። ሥራው በአቅም ይሁን፤ የደከማቸው ቀን ያለ ኀፍረት ይረፉ። በቤታቸው የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉትም አገልግሎት ላይ መሆናቸውን አንርሳ፤ ሌላ ሸክም አንጨምርባቸው። ከአልጋ የማይነሱትም ስለ ማን እንደሚጸልዩ ብንነግራቸው ጸሎታቸው ለቁምስናው ትልቅ አገልግሎት ነው።

እናንተም አባቶችና እናቶች፥ ጠሪ ቢዘገይባችሁ በሩን ደግማችሁ አንኳኩ። የሥራ ውል ጡረታ አለው፤ በጥምቀት የተቀበልነው ጥሪ ግን ጡረታ የለውም።

ለውይይት፦
1. በቁምስናችን «ይረፉ» ብለን የሸኘናቸው አረጋውያን እነማን ናቸው?
2. ከእነርሱ መካከል የአንዱ ሙያ ለየትኛው ችግራችን ይጠቅማል?
3. በመጪው ሳምንት ማን ሄዶ ይጠይቃቸው?