በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፦ የአረጋውያን ቁርጥማትና የመዋጥ ችግር



ለዕረፍት ወደ ቤት ስንመለስ ከአያቶቻችን ደጋግመን የምንሰማቸው ሁለት ቅሬታዎች አሉ። አንዱ «ጉልበቴን ይቆረጥመኛል» የሚል ነው። ሌላው «የበላሁት ጉሮሮዬ ላይ ይቆምብኛል» የሚል ነው። ብርድና ዝናብ በማይለየው ማሻ የመጀመሪያው በብርድ ይመካኛል፤ ሁለተኛው ቶንሲል ይባላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ደግሞ «እርጅና ነው» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። እርጅና ግን ምግብ አያንቅም። ሁለቱ ሕመሞች አንዳንዴ ከአንድ ምንጭ ይነሳሉ፤ አንዳንዴ የአንዱ መድኃኒት ሌላውን ያመጣል፤ አንዳንዴም ምንም ግንኙነት የላቸውም። ለይቶ የሚናገረው ሐኪም ነው። የእኛ ድርሻ በደንብ ጠይቆ በጊዜ ማድረስ ነው።

1ኛ. የሚወስዱትን ክኒን እንይ

ለቁርጥማት ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ሕመሙን ቢያስታግሱም ጨጓራን ሊያቆስሉ ይችላሉ። ክኒኑ በአንድ ጉንጭ ውሃ ተውጦ ወዲያው ጋደም ከተባለ ደግሞ የምግብ ቧንቧ ላይ ተጣብቆ ያቃጥላል፤ ከዚያ በኋላ መዋጥ ያማል። በረመዳን ይህ በቀላሉ ይደርሳል፦ አያታችን ለሱሑር ይነሳሉ፣ ክኒናቸውን በጥድፊያ ይውጣሉ፣ ተመልሰው ይተኛሉ። መፍትሔው ከምግብ በኋላ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ መዋጥና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አለመተኛት ነው። ማስታገሻውን በየቀኑ የሚወስዱ ከሆነ ግን ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ለታመመ ሰው ሸሪዓው ገር ስለሆነ ስለ ጾሙ ሐኪምንም ዑለማንም መጠየቅ ነው።

2ኛ. ሁለቱንም የሚያመጡ በሽታዎች

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሁለቱንም እጆች ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ያሳብጣል፤ ጠዋት ጣቶች ለረጅም ጊዜ ደርቀው አልታዘዝ ይላሉ። በአረጋውያን ዘንድ የተለመደው የጉልበት መሸርሸር ግን ሲሄዱበት ይብሳል፣ ሲያርፉ ይሻላል። ከሩማቶይድ ጋር የአፍና የዓይን ድርቀት ሊመጣ ይችላል፤ ምራቅ ሲያንስ እንደ ቆጮ ያለ ደረቅ ምግብ አልወርድ ይላል። የሰውነት ቆዳን የሚያጠነክር ሌላ በሽታም አለ፤ ጣቶች በብርድ ነጭ ወይም ሰማያዊ ይሆናሉ፣ ቃር ይበዛል፣ ምግብ ደረት ላይ ይቆማል። ከተቀመጡበት መነሳትና እጅን ወደ ላይ ማንሳት ካቃተ ደግሞ ሕመሙ ከጡንቻ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

3ኛ. እንቅርት

አበው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲሉ በችግር ላይ ችግር ማለታቸው ነው። በአዮዲን እጥረት የሚመጣው እንቅርት በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች የቆየ ችግር ነው። ትልቅ እንቅርት የምግብ ቧንቧን ይጫናል። የዕጢው ሥራ ከደከመ ደግሞ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ይከተላል። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ደንብ አውጥቷል። በቤታችን ጨዉን ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር አዮዲኑ እንዳይባክን ይረዳል።

4ኛ. ጊዜ የማይሰጡት

መጀመሪያ ጠጣር ምግብ፣ ቀጥሎ ገንፎ፣ በመጨረሻም ውሃ አልወርድ እያለ ሰውየው የሚከሳ ከሆነ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ይህ ካንሰር በአርሲና በባሌ በብዛት እንደሚታይ በሕክምናው ዘንድ የታወቀ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ በጣም ትኩስ መጠጥ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ገልጿል። ጥፋቱ የቡናው ሳይሆን የትኩሳቱ ነው። ስለዚህ በቡናው አገር ቡናችንን አንተውም፤ በረድ እስኪል ግን እንታገስ።

በድንገት ውሃ ትን ማለት ከጀመረ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም አንድ እጅ ከዛለ ደግሞ የአንጎል ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

ምን እንጠይቃቸው?

«አያቴ፣ የሚያስቸግርዎት ጠጣሩ ነው ወይስ ውሃውም? የት ላይ ይቆምብዎታል? ከመቼ ጀምሮ? ልብስዎ ሰፍቶዎታል? ጠዋት ጣትዎ ለምን ያህል ጊዜ ይደርቃል? ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» መልሱን በወረቀት ጽፈን፣ የክኒኖቹን ማሸጊያ ይዘን በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ እንውሰዳቸው። ባለሙያው ሪፈር ካለ ወረቀቱን ይዞ ኢንዶስኮፒ ወደሚሠራበት ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ነው። ከእኛ አካባቢ ብዙ ሕመምተኛ ወደ ጅማ ይላካል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ወጪም አለው፤ ስለዚህ «ቡናው ይለቀምና» ተብሎ ይቆያል። ነገር ግን የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሁለትና ሦስት ወር አይጠብቅም፤ ቶሎ ከተደረሰበት ሐኪሙ የሚሠራው ነገር ይኖረዋል፣ ከዘገየ ግን ምርጫው ይጠባል።

እስከዚያው ምግቡን አለስልሰን፣ ትንሽ ትንሽ እያልን፣ ቀጥ አድርገን አስቀምጠን እንመግባቸው። ጉልበታቸው ሩኩዕና ሱጁድ ካልቻለ ተቀምጠው መስገድ እንደሚፈቀድላቸው እናስታውሳቸው፤ ብዙዎቹ እያወቁም ይሳቀቃሉ። ወንበሩን እኛው እናቅርብላቸው።

አላህ ለታላላቆቻችን ዓፊያቸውን ይመልስልን፤ እኛንም የምንጠቅማቸው ልጆች ያድርገን። አሚን።