ዳኛ ሁለት የንግድ ምልክቶችን እንዴት ይመዝናል?

የንግድ ምልክት ማለት አንድ ነጋዴ ወይም ፋብሪካ ዕቃውን ከሌላው ዕቃ ለይቶ ለማሳወቅ የሚያትምበት ስም ወይም ሥዕል ነው። ባለከብት በከብቱ ጆሮ ላይ ምልክት የሚያደርገው ለራሱ ነው፤ የንግድ ምልክት ግን ለገዢውም ጭምር ነው። ገዢው ባለፈው ጊዜ የወደደውን ዕቃ ዛሬ የሚያገኘው በምልክቱ ስለ ሆነ፣ ምልክቱን አስመስሎ የሚያትም ሰው የሚጎዳው አንዱን ነጋዴ ብቻ አይደለም።

ባገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአንቀጽ 133 የተወዳዳሪን ደምበኞች የሚያሳስት ሥራን ተገቢ ያልሆነ ውድድር ብሎት ነበር። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 ደግሞ፣ ምልክት ያስመዘገበ ሰው፣ ሌላው ሕዝብን ሊያሳስት በሚችል ተመሳሳይ ምልክት እንዳይጠቀም የመከልከል መብት ሰጥቶታል። «ሊያሳስት የሚችል» የሚለውን ቃል አስተውሉ። የተሳሳተ ገዢ በምስክርነት ቢቀርብ ክሱን ያጠነክረዋል፤ ቢሆንም ስሕተቱ እስኪደርስ መጠበቅ ግድ አይደለም።

ዳኛው ሁለቱን ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያይ ልዩነታቸው ወዲያው ይታየዋል። ገዢው ግን እንዲህ አይገዛም። ከደጋው ወርዶ መካነ ብርሃን ገበያ የመጣ ሰው በእጁ የያዘው ገንዘቡን ነው፤ የቀድሞውን ሳሙና መጠቅለያ አላመጣም። የሚያስተያየው ፊቱ ያለውን ዕቃ በልቡ ከቀረው ትዝታ ጋራ ነው፤ ትዝታም ከፊሉን ይጥላል። ስለዚህ ዳኛው ራሱን በዚህ ሰው ቦታ ማቆም አለበት።

የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «አምሪትዳራ» እና «ላክሽማንዳራ» ስለሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ1962 የሰጠው ፍርድ ይህን በደንብ ያሳያል። የበታቹ ፍርድ ቤት ቃላቱን ከፋፍሎ የየክፍላቸውን ትርጉም በመመርመር አይመሳሰሉም ብሎ ነበር። ጠቅላዩ ፍርድ ቤት ግን፣ ተራው ገዢ ስሙን እንዳለ ይሰማዋል እንጂ ሰዋስው አይፈታለትም በማለት፣ ስሞቹ የሚያሳስቱ ናቸው አለ። ይሁን እንጂ የቀድሞው ባለስም እያወቀ ብዙ ዘመን ዝም ብሎ ስለ ነበር፣ አዲሱ በኡታር ፕራዴሽ ግዛት ብቻ እንዲሸጥ ተፈቀደለት።

በአማርኛ ነገሩ ይብሳል። አንድ ሳሙና «ፀሐይ» ተብሎ ቢመዘገብና ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ቢያትም፣ ለዓይን ሁለት ፊደል ተለውጧል፤ ለጆሮ ግን ምንም አልተለወጠም። ሱቅ የሚላከውም ብዙ ጊዜ እናቱ የዕቃውን ስም በቃል የነገረችው ልጅ ነው። በኔ አስተያየት ባገራችን ጆሮ ከዓይን ይቀድማል። የአውሮፓ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1999 «ሎይድ» እና «ሎይንትስ» በተባሉ የጫማ ምልክቶች ጉዳይ፣ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ገዢን ሊያሳስት ይችላል ብሏል።

ታዲያ ስማቸው አንድ የሆነ ሁሉ ይከለከላል ማለት ነውን? አይደለም። የስሜናችን ራስ ዳሸን ስሙን ለጎንደር ቢራ ሰጥቷል፤ በ1988 ዓ.ም. የተቋቋመው ባንክም ዳሸን ይባላል። ገንዘቡን ሊያስቀምጥ ሄዶ ቢራ የሚያዝ ሰው ስለሌለ፣ ስሙ አንድ መሆኑ ማንንም አያሳስትም። ነገር ግን ሌላ ጠማቂ ጠርሙሱ ላይ «ደሸን» ብሎ ቢያትም፣ የአንዲት ፊደል ለውጥ አታድነውም። እጅግ የታወቀ ምልክት ግን ከራሱ የዕቃ ዓይነት ውጭም ጥበቃ የሚያገኝበት ጊዜ አለ።

የገዢው ዓይነትም ይመዘናል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1906 «ፒያኖላ» የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ ባለቤት «ኒዮላ» የሚለው ስም እንዳይመዘገብ ተቃውሞ ነበር። ዳኛው ግን እንዲህ ያለ ውድ መሣሪያ የሚገዛ ሰው አስተውሎ የሚገዛ ነው ብሎ ምዝገባውን ፈቀደ። ሳሙና ወይም ክብሪት የሚገዛ ሰው ይህን ያህል አይመረምርም።

ከሁሉ የከበደው የመድኃኒት ነገር ነው። «ፋልሲጎ» እና «ፋልሲታብ» ሁለቱም ወደ አንጎል ለሚወጣ ወባ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ንጥረ ነገራቸው ይለያያል፤ አንዱ መርፌ ሌላው ኪኒን ነው። የደምቢያን ወባ የሚያውቅ ሰው ከዚህ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ ስለ ሆነ ስሕተት አይፈጠርም የሚል ክርክር ቀርቦ ነበር። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን አልተቀበለውም፤ ሐኪምም መድኃኒት ሻጭም ይሳሳታሉ፤ የሐኪም ጽሕፈት ለማንበብ ያስቸግራል፤ ስሙ የታተመበትን ቋንቋ የማያነብ ገዢም ብዙ ነው አለ። ስለዚህ ለሳሙና የሚታለፍ መመሳሰል ለመድኃኒት እንዳይታለፍ ደንግጎ፣ ጉዳዩ በዚሁ መመዘኛ እንዲታይ ወደ በታቹ ፍርድ ቤት መለሰው።