መከራን ለሰው መጥቀሚያ ስለ ማድረግ



መከራ በሰው ሁሉ ቤት ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን በሁሉ ዘንድ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። አንዱን ልቡን ያደነድነዋል፤ እርሱም «እኔ ሳለቅስ ማን ደረሰልኝ?» እያለ የሌላውን ልቅሶ እንዳይሰማ ጆሮውን ይደፍናል። ሁለተኛውን ያሳፍረዋል፤ ያለፈበትን ነገር ሰው እንዳያውቅበት ይሸሽጋል፣ ከሸሸገው ነገር ጋራም ራሱ ተሸሽጎ ይኖራል። ሦስተኛው ግን በተጎዳበት ስፍራ ቆሞ ሌላው በዚያው እንዳይጎዳ ይጠብቃል። ይህ ትምህርት ስለ ሦስተኛው ሰው ነው።

አስቀድመን አንድ ስሕተት እናርቅ። መከራ በራሱ ሰውን መልካም አያደርግም፤ እሳት ሸክላውን ያጠነክራል፣ ሣሩን ግን ያቃጥላል። ስለዚህ ያዘነውን ሰው «ለበጎ ነው» ብለን በችኰላ አናጽናናው፤ «ላልደረሰበት ግልግል ያውቃል» የሚባለው ይደርስብናልና። ክፉ ነገር ሁልጊዜ ክፉ ነው። ልንጠይቅ የሚገባን ይህ ነው፤ ክፉው ከደረሰብን በኋላ በእጃችን ምን ቀረ? በቀረውስ ምን እናደርግበታለን?

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆኑን ሁለት የአገራችን ሰዎች አሉ፤ እነርሱም ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ናቸው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር እንጽፋለን።

ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበረ፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጕም ማለት ነው። አባቱን በሕፃንነቱ አጣ። በ1869 የሰው ሌቦች ሰርቀው ወሰዱት፤ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተሸጠም እስከ ምጥዋ ደረሰ። ነሲብ የሚለው ስም የወጣለት በባርነቱ ዘመን ነው። በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ሰው በምጥዋ ነጻ አወጣው፤ በዚያ ወደ ነበሩት የስዊድን ሚሲዮናውያንም ሰደደው። በዚያ ፊደል ቈጠረ፤ በ1872 ሲጠመቅም ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህም ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በላከው መልእክት የሚገኘው የባሪያው ስም ነው፤ ፍችውም የሚጠቅም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ስዊድን ሄዶ ተማረ፤ በ1881ም ተመለሰ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ስፍራ ጥቂት ቆም ብለህ አስብ። ይህ ሰው ነጻ ወጥቶአል፤ ተምሮአል፤ ያለፈውን ረስቶ በሰላም ሊኖር የሚከለክለው አልነበረም። እርሱ ግን ፊቱን ተሰርቆ ወደ ወጣበት አገር መለሰ። በዚያው በ1881 በሱዳን በኩል ወደ ወለጋ ሊገባ ተነሣ፤ መንገዱ አልሆነለትም፤ በንዳድ ታሞ ለሞት ከቀረበ በኋላ በ1882 ካርቱም ደረሰ። በ1886 ሁለተኛ ተነሣ፤ እስከ እንጦጦ መጥቶ ከዚያ ወዲያ እንዲያልፍ ስላልተፈቀደለት ተመለሰ።

በእግሩ ወደ ወገኖቹ መድረስ ቢከለከል በጽሕፈት ሊደርስላቸው ተቀመጠ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ያዘ። ነገር ግን በዚህም ሥራ ላይ የመከራው ጠባሳ ተገለጠ። ገና ልጅ ሳለ ከአገሩ ስለ ተነጠቀ የቋንቋው ሙላት ጎደለበት። ባርነት ከእናቱ ቤት ብቻ ሳይሆን ከእናቱ አፍም ለይቶት ነበር።

ይህን ጉድለት የሞላችለት አስቴር ጋኖ ናት። እርስዋም እንደ እርሱ የተሸጠች ልጅ ነበረች፤ በ1886 ባሕር ሊያሻግሩአቸው ሲሉ በኢጣልያ መርከብ ከዳኑት አንዲቱ ሆና ወደ እምኩሉ ተወሰደች። የአገርዋ ቋንቋ ግን በልብዋ ሙሉ ነበረ። ከምታስታውሰው እየቀዳች 15,000 ያህል ቃላት ሰብስባ ጻፈች፤ 500 የሚያህል ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌም በጽሕፈት አኖረች። ነጋዴዎቹ ሁሉን ወስደውባት ነበር፤ በአፍዋ ያለውን ግን ሊወስዱ አልቻሉም።

እንግዲህ ሁለቱ አብረው ሠሩ። ሐዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ፤ በ1894 ልጆች የሚማሩበት የንባብ መጽሐፍ ወጣ፤ በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ፣ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ፣ በስዊስ አገር በሳንክት ክሪሾና ታተመ። በ1904 ኦኔሲሞስ ወደ ወለጋ ገባ፤ ከተሰረቀ 35 ዓመት ሆኖት ነበር። አስቴርም አብራ ሄደች፤ ሁለቱም ልጆችን ሲያስተምሩ ኖሩ። በ1906 ተከስሶ እንዳይሰብክ በተከለከለ ጊዜ ትምህርት ቤቱን አልተወም፤ በነቀምቴ በ1931 እስኪሞት ድረስ በሥራው ጸና። አስቴር እስከ 1964 ኖረች። ስለ ትርጓሜው ሥራ ብዙ ዘመን ሲመሰገን የኖረው የእርሱ ስም ነው፤ የእርስዋ ድርሻ በሚገባ የታወቀው ዘግይቶ ነው።

ከዚህ ታሪክ አራት ነገር እንማር።

አንደኛ፤ የጠፋብህን ብቻ ሳይሆን የቀረልህንም ቍጠር። አስቴር ከቤትዋ ስትነጠቅ የቀረላት ቋንቋዋ ነበረ፤ እርሱንም ለሕዝብዋ መማሪያ አደረገችው።

ሁለተኛ፤ አንተ ያጣኸውን ለሌላው ስጥ። በአገሩ ሳለ ፊደል የሚያስተምረው ሰው ያላገኘው ልጅ፣ አርጅቶ የአገሩን ልጆች ፊደል አስቈጠረ። ረኃብ የቀመሰ ሰው የተራበውን ፊት ሳይነገረው ያውቃል፤ ይህ እውቀት በትምህርት ቤት አይገኝምና በከንቱ አይቅር።

ሦስተኛ፤ ጉድለትህን ለባልንጀራህ ግለጥ። ኦኔሲሞስ «እኔ ስዊድን ድረስ የተማርሁ ነኝ» ብሎ የልጅቱን እርዳታ ቢንቅ ኖሮ ሥራው ጎዶሎ ይሆን ነበር።

አራተኛ፤ መንገድ ሲዘጋብህ ሥራህን አትዝጋ፤ ነገር ግን ቍስልህ ሳይጠግ አትቸኵል። ኦኔሲሞስ ነጻ ከወጣ በኋላ 11 ዓመት ተምሮ ነው ለመንገድ የተነሣው። ገና የሚያለቅስ ሰው ቢያርፍና ቢጽናና ነውር የለበትም።

ይህ ነገር የታላላቆች ብቻ አይምሰልህ። በሳምባ ነቀርሳ ታሞ የዳነ ሰው፣ ሕመሙን የሚሸሽገውን ጎረቤቱን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ «እኔም ታምሜ መድኃኒቱን ጨርሼ ዳንሁ» የሚለው ቃሉ ከብዙ ምክር ይበልጣልና። በደላላ ተታልላ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ተጎድታ የተመለሰች እኅት፣ አቅም ባገኘች ጊዜ ለሰፈርዋ ልጃገረዶች እውነቱን ትንገር። ሐሜት ያስፈራታል፤ ነገር ግን እርስዋ ዝም ስትል የሚናገረው ደላላው ብቻ ነው። ያለ አባት ያደገ ተማሪ፣ ማታ ማታ ለአንድ የሙት ልጅ ደብተሩን ይመልከትለት።

ኦኔሲሞስ የባርነቱን ስም ከአዲሱ ስሙ ጋራ ይዞ እስከ መቃብር ደረሰ። የሚጠቅም የሚለው ስም ከፊት፣ በባርነት የወጣለት ስም ከኋላ ሆነው አብረው ተጠሩ። አንተም ያለፈብህን አትካደው፤ ነገር ግን ከኋላህ ይከተል እንጂ ከፊትህ ቀድሞ አይምራህ።

ለራስህ የምትመረምረው ጥያቄ፤

1. ከደረሰብህ መከራ የተነሣ ሌላው የማያውቀው፣ አንተ ግን የምታውቀው ነገር ምንድር ነው?
2. ዛሬ በሰፈርህ በዚያው መከራ ውስጥ ያለ ማን ነው?
3. ወደ እርሱ እንዳትሄድ የሚከለክልህ ፍርሃት ነውን ወይስ እፍረት?

መልሱን በልብህ ካገኘህ ሳምንቱ ሳያልፍ ወደዚያ ሰው ቤት ሂድ።