ቆሻሻ ለሚያወጡ ሁሉ የተሰጠ ማሳሰቢያ

ብዙዎቻችን የምናውቀው ደንብ አንድ ነው፤ ማዳበሪያውን አስሮ የጽዳት ማኅበሩ ልጆች ሲመጡ ማስረከብ። ያ ማዳበሪያ ግን ከበር ከወጣ በኋላ የሚያገኘው የደረቅ ቆሻሻ ሕግ ብቻ አይደለም። ወንዝ ሲገባ የውሃ፣ ሲቃጠል የብክለት፣ ባትሪ ሲገኝበት የአደገኛ ቆሻሻ ሕግ ይጠብቀዋል። ስለዚህ፦

– ክረምት ሲገባ «ጎርፍ ይውሰደው» ብለው ቱቦ ውስጥ አይድፉ። የአዲስ አበባ ጎርፍ የሚወስደው ወደ አቃቂ ወንዝ ነው፤ በዚያ ውሃ የበቀለው ጎመን ደግሞ ተመልሶ ገበያ ይወጣል።

– ግቢዬ ነው ብለው ፌስታልና ሃይላንድ አያቃጥሉ። ጭሱ የጎረቤትም ነው።

– ጋራዥ ያላችሁ የተቃጠለ ዘይትና አሮጌ ባትሪ፣ ክሊኒክ ያላችሁ መርፌ ከተራ ቆሻሻ ጋር አትቀላቅሉ። አደገኛ ቆሻሻ የራሱ አዋጅ አለው፤ ቁጥር 1090/2010። አዋጁ ባይኖርስ? ማዳበሪያውን በባዶ እጇ የምታነሳዋን ልጅ አስቡ።

– ዘንቢል ይዛችሁ ውጡ። የ1999 ዓ.ም. አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ውፍረት ሲለካ ያየሁት ሰው ግን የለም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ አዋጅ ፌስታልን ጭራሹን ስለከለከለ ከመለካት ገላግሎናል።

– ማራገፊያ ቦታ የምትመርጡ ኃላፊዎች፣ ካርታ ላይ ባዶ መሬት ስላያችሁ ብቻ አትወስኑ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከአካፋና ከዶዘር በፊት ይቀድማል፤ የአካባቢው ሕዝብ አስተያየትም የግምገማው አካል ነው። ሰንዳፋን አስታውሱ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ማራገፊያ በዙሪያው አርሶ አደሮች ተቃውሞ የተነሳ በዚያው ዓመት ቆመና የአዲስ አበባ ቆሻሻ ወደ አሮጌው ማራገፊያ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተናደ፤ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ሰንዳፋ ላይ ገበሬውን አስቀድሞ መስማት ስንት ቀን ይፈጅ ነበር?

– ብክለት ስታዩ «እኔን ምን አገባኝ» አትበሉ። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ በግሉ ባይጎዳም እንኳ፣ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። አቤቱታው የሚቀርበው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። የጽዳቱ ቢሮ ወደ ወረዳ፣ ወረዳው ወደ ጽዳቱ ቢሮ ቢያመላልሳችሁ አትገረሙ፤ በቃል አትመለሱ እንጂ። በጽሑፍ አስገቡና ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም የተሰጠው ካላረካችሁ ፍርድ ቤት ለመሄድ 60 ቀን አላችሁ፤ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያንን ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ነው።